ጫካ ውስጥ ከተማ የለም ያለው ማነው?

ሰላም አዘጋጆች፣ ከሐረር ነው የምጽፍላችሁ። ስለ ጥንት ከተሞች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር፣ ግን ግብፅና ሜሶፖታሚያ ላይ ቆመ። ጫካውስ? ዝናባማ ደን ውስጥ ሰው ከአደንና ከፍራፍሬ ለቀማ አላለፈም የሚለው ወሬ እኮ አርጅቷል። ኢኳዶር ውስጥ በኡፓኖ ሸለቆ የተገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነውን እዩ፤ ከአውሮፕላን በሚለቀቅ የሌዘር ጨረር በዛፉ አሳልፈው መሬቱን ሲያዩት ከ6,000 በላይ የአፈር መደቦች፣ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶችና የእርሻ ቦዮች ወጡ፣ ዕድሜው ደግሞ ወደ 2,500 ዓመት ይጠጋል። በጓቴማላ ያለችው የማያ ሕዝብ የጥንት ከተማ ቲካልም አለች፣ አጠገቧ ወንዝ ስለሌለ የዝናብ ውሃ እያቆረች ያን ሁሉ ሕዝብ ያጠጣች (ጀሪካን ይዞ ለተሰለፈ የሐረር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም!)። የካምቦዲያው የጥንት ከተማ አንግኮርም እንዲሁ የደን አገር ከተማ ነበር።

እኛ ከተማ ሲባል የሚታየን ጀጎል ነው፤ ግንቡ፣ አምስቱ የጥንት በሮች፣ ጠባቡ መንገድ። እነዚያ ግን ቤታቸውን በእርሻና በዛፍ መሃል በትነው ነው የከተሙት። የኡፓኖዎቹ የሠሩት በአፈር ነው፣ ደኑ ሸፈነው፣ እኛም የለም አልን።

በሚቀጥለው ደግሞ የናይጄሪያዋን ቤኒን ከተማ፣ የአፈር ካቧንና ጥልቅ ቦይዋን፣ አትርሱብን።