የሥዕል ክበብ፦ በዲድኮት በኩል ወደ ኦክስፎርድ

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የሥዕል ክበብ ዘንድሮ 14 አባላት ነበሩት። ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሠዓሊ ጋር ከረምን፤ ከሮጀር ዋግነር ጋር። በ1957 እ.ኤ.አ. የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ኦክስፎርድ ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ ከዚያ እዚሁ ለንደን ሮያል አካዳሚ ገብቶ ሥዕል አጠና።

ለምን እሱን? ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያን በሚያዩት ሥዕል ላይ ቅዱሳኑ የሐበሻ መልክ አላቸው። ዋግነርም የወንጌሉን ታሪክ በሚያውቀው በእንግሊዝ አገር መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ልጆቹ ይህን እንዲያዩ ፈለግኩ። የሚኖሩት እዚህ ነውና።

መስከረም ላይ በስንዴ ጀመርን። "መከሩ የዓለም መጨረሻ ነው፥ አጫጆቹም መላእክት ናቸው" የሚል ሥዕል አለው፤ ስሙ ከማቴዎስ 13 የተወሰደ ነው። ወርቅ የመሰለ ማሳ ውስጥ መላእክት ያጭዳሉ። ልጆቹም የየራሳቸውን አጫጅ መልአክ ሣሉ። ስንዴ ሲታጨድ ያየ ግን አንድም አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ የአንዷ ተማሪ አያት መጡ። ጎጃም ነው ያደጉት። የልጅ ልጃቸውን ሥዕል አዩና "ግራ እጁ ምን ይሠራል?" አሏት። መልአኩ በቀኙ ማጭድ ይዟል፤ ግራው ወደ ሰማይ ተዘርግቷል። እማማ ማስመሪያ አንስተው ጎንበስ አሉ። ግራ እጅ ስንዴውን ጭብጥ ያደርጋል፤ ማጭዱ ከሥር ይመጣል። ነዶ፣ ክምር፣ አውድማ፣ ቃርሚያ፤ ቃላቱን ሰሌዳው ላይ ጻፍናቸው። ልጅቷ መልአኩን በላጲስ አጠፋችውና ጎንበስ አድርጋ እንደገና ሣለችው።

ግንቦት ላይ ኦክስፎርድ ሄድን። ምሳ ቋጥራችሁ ለሸኛችሁን ወላጆች እግዚአብሔር ይስጥልን። ከፓዲንግተን የተነሳው ባቡር በዲድኮት ያልፋል። "ሜኖራ" የተባለው የ1993ቱ ሥዕል መነሻው እዚያ ነው። ዲድኮት ውስጥ ስድስት የማቀዝቀዣ ማማዎችና አንድ ረጅም ጭስ ማውጫ ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። ስድስትና አንድ ሰባት፤ ልክ እንደ ሜኖራ፣ ባለሰባት ቅርንጫፉ የቤተ መቅደሱ መቅረዝ። ዋግነር ስቅለቱን እነሱ ፊት ሣለው። ጭሱ በናዚ ካምፖች ያለቁትን አይሁድ ያስታውሳል፤ ይህን ለትልልቆቹ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ማማዎቹ ዛሬ የሉም። ሦስቱ በ2014፣ የቀሩት በ2019 ፈረሱ፤ ጭስ ማውጫውም በ2020 ተከተለ። ልጆቹ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ፈለጓቸው።

ሥዕሉን ሴንት ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አገኘነው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በጣቱ ቆጠረ። ሰባት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሁሉም አሉ" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ኢፍሊ ነበርን። የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመንደር ቤተ ክርስቲያን ነው። የጆን ፓይፐር ባለቀለም መስኮት ላይ እንስሳት ይነጋገራሉ። አውራ ዶሮው "ክርስቶስ ተወለደ" ይላል። ዝይዋ "መቼ?" ቁራው "በዚህች ሌሊት።" ጉጉቷ "የት?" በጉ "ቤተልሔም።" ትንንሾቹ ተከፋፍለው ተጫወቱት። ዋግነር በ2012 የሠራው መስኮትም እዚያው አለ፤ ክርስቶስ የተሰቀለበት ዛፍ አብቧል። "ለምን አበበ?" ብዬ ጠየቅኩ። "መስቀል በመስከረም ነዋ!" አለችኝ አንዷ፤ አደይ አበባን አስባ።

የዓመቱ ሥዕሎች ኮሪደሩ ላይ ተሰቅለዋል። አጫጁ መልአክ ብቻ የለም። እማማ ወስደው ሳሎናቸው ሰቅለውታል። ማጭዱ አሁንም ትንሽ ከፍ ብሏል ይላሉ።