ሁለተኛው ሴንሰር ለምን አልተጠየቀም?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሹፌር አልባ መኪናና በራሱ ስለሚወስን ሶፍትዌር በተወራ ቁጥር "ሰው ይሳሳታል፣ ማሽን ግን አይሳሳትም" የሚል ክርክር እሰማለሁ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሆነውን እንዲያስታውሱ እለምናለሁ።

ያን እሑድ ጠዋት 2፡38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ ገና አዲስ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር።

ለዚህ ዓይነት አውሮፕላን ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ተገጥሞለታል። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ታች ይገፋዋል። ቀና ማለቱን የሚነግረው ግን አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ እኮ ሁለት አለው! በዚያ ጠዋት የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 ገደማ ይል ነበር። ኤምካስ የግራውን አምኖ ደጋግሞ ገፋ። ሽማግሌ እንኳ በአንድ ምስክር አይፈርድም።

አብራሪዎቹ ታግለዋል። ኤምካስ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋበትን የኤሌክትሪክ ማስተካከያ አጠፉት። በእጅ ሊያዞሩት ሞከሩ፤ ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለነበር አልዞር አላቸው። መልሰው ሲያበሩት ኤምካስ እንደገና ገፋ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ሶፍትዌር ምክንያት ተከስክሶ 189 ሰው ሞቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ አብራሪዎች ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አልተነገራቸውም፤ መመሪያቸው ላይም አልነበረም። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ከደኅንነት ማረጋገጫው ሥራ ብዙውን ለራሱ ለቦይንግ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ሻጭ የራሱን ዕቃ እንዲመረምር ማለት ነው።

አሁን ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች ያስተያያል። በ5.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተለያዩ አይሠራም። ቢሠራም የሚገፋው አንዴ ብቻ ነው፤ አብራሪውም መልሶ መሳብ ይችላል። ይህን ለማሰብ የሁለት አውሮፕላን ሙሉ ሰው ማለቅ ነበረበት?

በራሱ የሚወስን ማሽን ወደ መንገዳችን፣ ወደ ሆስፒታላችን ወይም ወደ ባንካችን ሲገባ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው ይጠይቁ። የሚደርሰው መረጃ ሲሳሳት በምን ያውቃል? አብሮት የሚሠራው ባለሙያ እንዴት እንደሚያጠፋው ሠልጥኗል? ከሻጩ ውጭ የመረመረው ማነው? መልሱ በጽሑፍ ካልቀረበ ዕቃው አይግባ። ጋዜጣችሁም ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ ዜና በሠራ ቁጥር እነዚህን ጥያቄዎች ለአቅራቢው ያንሳልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ