ያ የግራቪሊያ ግንድ ምን ሆነ?

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባሕር ዳርም ደህና ናት።

ባለፈው በስልክ «ያ ግንድ ምን ሆነ?» ብለው ሲጠይቁኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅም አይደል፣ ስለዚህ ልጽፍልዎ ተነሣሁ። ባጭሩ፣ ወደዚህ የመጣው ግንድ በቶርኖ፣ እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስወጣው ማሽን፣ ጠባብ አንገት ያለው የቤት ጌጥ ዕቃ እየሆነ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ አደራ አለኝ። ጓሮ የቀረውን የግራቪሊያ ግንድ እባክዎ ለማገዶ እንዳያስፈልጡት።

ዛፉን አጥር ዳር የተከሉት ለጥላና ለንፋስ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነው፤ በየደጁ ቢበቅልም ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም። እኛ ዘንድ እንጨት ሲባል ዋንዛ ነው። ከበሮው ከዋንዛ፣ ገበታው ከዋንዛ። እርስዎም ዕድሜዎን ሙሉ የጠረቡት እሱን ነው። ስለ ግራቪሊያ እዚህ ያሉ አናጢዎችን ብጠይቅ «ለጣውላ ይሆናል» ከማለት አላለፉም። በቶርኖ ላይ ክብ ዕቃ ሲወጣለት ያየ ደግሞ የለም።

አባባ፣ ውስጡን ቢያዩት! ይህ ዛፍ ከእምብርቱ ተነሥተው ወደ ቅርፊቱ የሚዘረጉ ሰፋፊ ጨረሮች አሉት። ግንዱ በዚያ መስመር ሲቀደድ የሚያብለጨልጭ ጠቃጠቆ ይወጣል። ዕቃው ክብ ሲሆን ደግሞ ይባስ ያምራል። በአንድ ጎኑ ጠቃጠቆው ሰፍቶ ያበራል። በእጅ ቀስ እያሉ ሲያዞሩት እየጠበበ ይሄድና አጫጭር ሰረዞች ብቻ ይቀራሉ። ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት እንደገና ይሰፋል። ይህን ሁሉ እኔ አልሳልሁትም፤ ዛፉ ይዞት የነበረ ነው። ዋንዛን እወደዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጌጥ ግን የለውም።

አሠራሩን ልንገርዎ። ግንዱን በእምብርቱ ላይ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ እምብርቱ ዕቃው ውስጥ ከቀረ ሲደርቅ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በእርጥቡ ቶርኖው ላይ አስሬ ወፍራም አድርጌ አወጣዋለሁ። የሆዱ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግድግዳውን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እተውለታለሁ። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ለወራት ይቀመጣል። በክረምት ደግሞ ጨርሶ አይቸኮልበትም።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ምክንያት አለው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም በኩል እኩል አይኮማተርም። በእንጨቱ የዕድሜ ቀለበቶች ዙሪያ የሚኮማተረው ከእምብርት ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ይጠጋል። በቁመቱ ያለውማ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ክብ ሆኖ የተቀመጠው ሞላላ ሆኖ ይነሣል። የተውኩት ውፍረት እሱን መልሶ ክብ ለማድረግ ነው።

ዋናው ሥራ ውስጡን መቦርቦሩ ነው። አንገቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ጣት ቢያስገባ ነው። በዚያች ቀዳዳ ረዥም ብረት አስገብቼ፣ ጫፉ ላይ ባለች ትንሽ ስለት ሆዱን እፈለፍላለሁ። ዓይን እዚያ አይደርስም። የሚያየው ጆሮና እጅ ነው። ግድግዳው እየሳሳ ሲሄድ የስለቱ ድምፅ ይለወጣል። ብረቱ ከመደገፊያው ርቆ በገባ ቁጥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ለዚህ ነው እጀታው ረዥም ሆኖ ብብቴ ሥር የሚታቀፈው። ፍቅፋቂው ደግሞ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይከመራል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ በጠማማ ሽቦ እጠርጋለሁ፣ ውፍረቱን በቆልማማ መለኪያ እለካለሁ፣ እንደገና አስነሣለሁ። መብራት ከሄደም እንደሄደ ነው፤ ቁጭ ብዬ ስለት እስላለሁ።

አቧራው ቆዳ ያሳክካል። አይስጉ፣ እጅጌዬን አወርዳለሁ፣ አፍና አፍንጫዬን እሸፍናለሁ፣ ስጨርስም ቶሎ እታጠባለሁ። በዚሁ ምክንያት ግን ከግራቪሊያ የመብልም የመጠጥም ዕቃ አልሠራም።

ታዲያ «ጠላ ካልተቀዳበት ምን ያደርጋል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የእማዬን ስፌቶች አስቧቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት እነዚያ ባለ ቀለሞቹ እህል ተነፍሶባቸው አያውቅም። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው ግን እነሱን ነው። እማዬ ስንት ሌሊት በኩራዝ የሰፋቻቸው ቤታችን እንዲያምር ነው፤ ማንም «ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እኔም የምሠራው ለዚያው ነው። ቤት ማሳመር ትልቅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዱን በአጎቴ ልጅ እጅ ልኬልዎታለሁ። ቅርጹን ከእንስራ ነው የወሰድኩት፣ እጀታ ብቻ የለውም። የተቀባው የተልባ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ሲነካው ያ ጠቃጠቆ ብቅ አለ። በላዩ ላይ የማር ሰም አሸሁበት። ዓይንዎ ቢደክምም እጅዎ አልደከመም። ጣትዎን በአንገቱ ያስገቡና ከውጭ በአውራ ጣትዎ ያዝ አድርገው ትከሻው ድረስ ይዳስሱልኝ። የት ጋ ወፍሮብኛል? አንገቱስ አልረዘመም? እኔ ትንሽ የረዘመ መስሎኛል፤ የሚቀጥለውን ግን እርስዎ ሳይነግሩኝ አልጀምርም።

የቀረውን ግንድ በተመለከተ፦ ቅርፊቱ እንዳይላጥ። ጥላ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ይጋደም፤ መሬት ከነካ ምስጥ ይገባበታል። ሁለቱን ጫፎቹን ዛሬውኑ የቀለጠ ሰም ያስቀቡልኝ፤ ከቀፎው የተረፈው ይበቃል። ሰም ካነሰ ለበሩ የተገዛው የዘይት ቀለም ይሆናል። እርጥበቱ ቶሎ የሚወጣው በጫፉ ስለሆነ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሲያስቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ከ40 ሳንቲ ሜትር እንዳያጥር፤ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ ይጣላል። ወደዚህ የሚመጣ አይሱዙ ሲገኝ ይደውሉልኝ፤ ኪራዩን እዚህ እከፍላለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር