ከንድፉ በፊት የውሃውን ልክ ለምን እንደምንጠይቅ

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ቤት ለማሠራት ወደ ንድፍ ቢሮአችን መጥታችሁ ካርታችሁን ስትዘረጉ፣ ከክፍሉ ብዛት በፊት የምንጠይቃችሁ ክረምት ላይ ውሃው በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ጣና ዳር፣ ወንዝ ዳር ወይም ረባዳ ቦታ ላይ ላለ ይዞታ የውሃውን ልክ፣ ማለትም ጎርፉ የሚደርስበትን ከፍታ፣ ሳናውቅና የወለሉን ከፍታ ሳንወስን ንድፍ አንጀምርም። አንዳንዶቻችሁ «ከተማው ፈቃድ ከሰጠኝ እናንተን ምን አስጨነቃችሁ?» ብላችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሳችንን በጽሑፍ ልከንላችኋል።

በመጀመሪያ ስለ ፈቃዱ። ሁላችሁም የምታውቁት የምድብ አሠራር የመጣው በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ይባላል። ከፍ ያለው ምድብ ለ ነው። የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ ወይም ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት ይወሰዳል፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ ይወጣል። በፕላን ስምምነቱ ላይ የምታገኙት ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበና ምን ያህል መገንባት እንደሚቻል ነው። በከተማው ፕላን ላይ የወንዝ ዳርቻ ወይም አረንጓዴ ቦታ ተብሎ የተከለለ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ እኛም አቋራጭ አንፈልግላችሁም።

ክፍተቱ የሚታየው ምድብ ሀ ላይ ነው። ቤቱ ትንሽ ስለሆነ የሚጠየቀው ሰነድም ቀለል ይላል። ሆኖም በጎርፍ ቶሎ የሚጎዳው ይኸው ትንሹ ቤት ነው፦ በባሕር ዛፍና በጭቃ የቆመው፣ ወለሉ ከደጁ እምብዛም ከፍ ያላለው። ፈቃድ ማግኘት ማለት ሕጉን አሟልታችኋል ማለት ነው። ውሃው ሳሎን እንዳይገባ የሚያደርገው ግን የወለሉ ከፍታ ነው፤ ያንን ደግሞ በንድፉ ላይ የምንወስነው እኛና እናንተ ነን።

ጎጃም ውስጥ ሁለት ዓይነት ጎርፍ አለ፤ መከላከያቸውም አንድ አይደለም። ከጮቄ ተራራ በጨሞጋና በሙጋ የሚወርደው፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢም በየተዳፋቱ የሚንደረደረው፣ ድንገት መጥቶ በሰዓታት የሚያልፍ ነው። ጉዳቱ በጉልበቱ ነው፤ መሠረት ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። የጣና ውሃ በተቃራኒው ቀስ ብሎ ይነሣል። ሐይቁ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ሲሆን ከፍተኛ ልኩ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም ላይ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ1 ሜትር ይበልጣል። የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ ከተቆጣጠረ ወዲህም ይህ ከፍና ዝቅ አልቀረም። ስለዚህ በሚያዝያ ደረቅ ሆኖ ያያችሁትን ቦታ በዚያው ወር አይታችሁ አትግዙ። ደንገል ወይም ፊላ የበቀለበት፣ ወይም በቅርቡ አፈር ተደፍቶ የተደለደለ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። የድሮ ቤት ግድግዳ ላይ የቀረ የውሃ ምልክት ካለ ፎቶ አንሡት፤ ለእኛ ከብዙ ወረቀት ይበልጥ ይጠቅመናል።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል ብዙ ሰው በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። 50 ዓመት እንዲያገለግል በምትሠሩት ቤት ዕድሜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ 39 በላይ ነው። በአሜሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የጎርፍ መድን መርሐ ግብር የታቀፉ ከተሞች አዲስ መኖሪያ ቤት ሲሠራ ዝቅተኛው ወለል ከዚህ ጎርፍ ልክ በታች እንዳይሆን የሚያስገድዱት ለዚህ ነው። እኛም በዚያው መንገድ እናስባለን፤ የተጠና ልክ በሌለበት ቦታ በጎረቤት የታየውን ከፍተኛ ምልክት ይዘን፣ መጠባበቂያ ጨምረን ወለሉን ከዚያ በላይ እናደርገዋለን።

ወለሉን ከፍ ለማድረግ አፈር መሙላት ብቻ አይበቃም። በተለይ ዋልካ ለሙሌት አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቃል። ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ ሰሌክት የሚባለው፣ ሲርስ የማያብጥ የተመረጠ አፈር በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። መሠረቱ በሲሚንቶ የታሰረ የድንጋይ ግንብ ይሁን፤ ጭቃ የሚጀምረው ከውሃው ልክ በላይ ብቻ ነው። ሶኬትና ቆጣሪም እንደዚሁ ከፍ ይላሉ።

አጥርን በሚመለከት ትንሽ ልንቆይ እንወዳለን፤ ክርክር የሚበዛብን እዚህ ላይ ነውና። ብዙዎቻችሁ ጎርፉን ለማገድ ዙሪያውን ድፍን የብሎኬት አጥር ታዝዙናላችሁ። 1 ሜትር ከፍታ ያለው የቆመ ውሃ እያንዳንዱን 1 ሜትር የአጥር ርዝመት ወደ 500 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ውሃው 2 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ 2 ቶን ገደማ ይሆናል። ተራ የብሎኬት አጥር ይህን አይችልም፤ ሲወድቅ ደግሞ የተጠራቀመው ውሃ በአንድ ጊዜ ግቢው ላይ ይለቀቃል፣ ሥሩ የቆመ ልጅም ሊኖር ይችላል። ባይወድቅ እንኳ ውሃው ወደ ጎረቤት ይዞራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት ጎረቤቱን ከሚጎዳ ነገር እንዲቆጠብ ያዝዛል፤ ሕጉ ባይኖርም የጎረቤትን ቤት አስጥለቅልቆ የራስን ማድረቅ ልክ አይደለም። ስለዚህ በውሃ መንገድ ላይ የሚያርፍ አጥር ከታች ማሳለፊያ ይኖረዋል፣ የመንገዱ ቦይም አይደፈንም። በዚህ ነገር ላይ አንደራደርም፤ በዚህ ምክንያት ሥራው ቢያመልጠንም እንቀበላለን።

የሽንት ቤት ጉድጓድም ከመሬት በታች ያለው ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ አደጋ ነው፤ ሲሞላ ወደ ጉድጓድ ውሃችሁ ይደባለቃል። ባዶ የሆነ ሴፕቲክ ታንክ (የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ደግሞ ውሃው ከሥር ገፍቶ ሊያነሣው ይችላል። ታንኩ በአርማታ ተሠርቶ ክብደቱ ተሰልቶ ይቀመጣል፣ ክዳኑም ይታሸጋል።

ይህ ሁሉ ወጪ ይጨምራል፤ አንደብቃችሁም። ገንዘቡ ካልበቃ ክፍል እንድትቀንሱ እንጂ ወለሉን እንድታወርዱ አንመክርም። አንድ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ይጨመራል፤ የተሠራ ወለል ግን በቀላሉ ከፍ አይደረግም።

ለቀጠሮ ስትመጡ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የፕላን ስምምነቱን፣ የውሃ ምልክት ፎቶ ካለም እሱን ይዛችሁ ኑ። ቦታው ድረስ መጥተን ከፍታውን የምንለካበት ክፍያ በንድፉ ዋጋ ውስጥ ተካትቷል። መሠረት ተቆፍሮ ሳይሸፈን ግንባታን ለሚቆጣጠረው የከተማው የሕንፃ ሹም አሳውቁ፤ ለእኛም ደውሉልን። ቦታ ለመግዛት ገና እያሰባችሁ ያላችሁ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጥሩን፤ ለዚያ ምንም አናስከፍልም።

ከሰላምታ ጋር፣
የቢሮው ባለሙያዎች