የአይሲቲ (የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ይዞ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። ዕቅዳችን የኮምፒውተር አጠቃቀምን ማስተማር ነበር፤ ሆኖም ልጆቹ የራሳቸው ስልክ ባይኖራቸውም በእናት፣ በአባት ወይም በታላቅ እኅት ስልክ በየቀኑ ኢንተርኔት እንደሚጠቀሙ፣ አንዳንዶቹም ቲክቶክና ፌስቡክ አካውንት ለመክፈት የሚጠይቁት 13 ዓመት ሳይሞላቸው የልደት ዘመናቸውን ቀይረው እንደገቡ ስለነገሩን፣ ዓመቱን ለኢንተርኔት ደኅንነት ሰጠነው።

በኅዳር ወር አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ በእናቷ ስልክ ስትጫወት ከአክስቷ አካውንት «አሁን የገባልሽን ኮድ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ደረሳት። ልጅ አክስቷን እንዴት እምቢ ትላለች? ላከች። ኮዱ ወደ እናቷ አካውንት ለመግባት የሚያስፈልገው የማረጋገጫ ቁጥር ነበር፤ የአክስቷ አካውንት አስቀድሞ ተጠልፎ ነበርና በዚያው ምሽት የእናቷም ተጠለፈ፤ በስማቸውም ለጎረቤትና ለዘመድ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ተላከ። ተማሪዋ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለማንም ሳትናገር ቆይታ፣ ጓደኞቿ ሲወጡ ደብተሯን አቅፋ በሩ ላይ ቀረች። «እማዬ ስልኩን ትቀማኛለች ብዬ ነው» አለችኝ። ከስርቆቱ ይልቅ ያ ዝምታ አስደነገጠኝ፤ ከዚህ የከፋ ነገር ቢያጋጥማትም እንዲሁ ዝም ትል ነበርና።

ስለዚህ በታኅሣሥ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል ወላጆችን ሰብስበን፣ ያጋጠመውን ሊናገር የመጣ ልጅ እንዳይቀጣ፣ ስልክም እንዳይነጠቅ ተወያየን። «ስልክ ጨርሶ አለመስጠት ነው» ያሉ ወላጆች ነበሩ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን በቤቱ የተከለከለ ልጅ በጎረቤት ስልክ መጫወቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚነግረው ሰው አይኖረውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በልጆች ላይ በኢንተርኔት የሚፈጸሙ የወሲብ ጥቃቶችን እንደሚያስቀጣ ስናስረዳ፣ ጥፋተኛው ልጁ አለመሆኑን ብዙዎቹ ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከክበብ በኋላ «መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» ብለው የሚቀሩ ልጆች በዝተዋል።

መብራት በጠፋበት ቀን ያደረግነው ልምምድ ከሁሉም ይልቅ በልጆቹ አእምሮ ውስጥ ቀርቷል። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ተራ በተራ በየደብተራቸው ገለበጡት፤ ቀጥሎ ወረቀቱን ቀድጄ «ጠፋ?» አልኳቸው። ሁሉም ደብተራቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። የጓደኛን ፎቶ ሳያስፈቅዱ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማብራራት አላስፈለገኝም።

በግንቦት ያችው ተማሪ በሚኒ ሚዲያ ቀርባ የደረሰባትን በራሷ ፈቃድ ተናገረች፤ ኮድ የሚጠይቅ ዘመድ ሲያጋጥም ደውሎ ድምፁን መስማት እንደሚገባም አስረዳች። በ2018 ዓ.ም. አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎችም በክበቡ እንዲታቀፉ፣ የወላጆች ውይይትም በመስከረም እንዲጀመር ለርእሰ መምህሩ ጥያቄ አቅርበናል።