ለሁለቱ ባዶ ገጾች

የመመረቂያ ኤግዚቢሽናችን በሰላም አለፈ። ሥራዬ ሥር የተለጠፈችው ትንሽ ካርድ ላይ የነበረው የእኔ ስም ብቻ ነው። እንግዶች እየመጡ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ሲሉኝ «አዎ» ስል ዋልኩ። ምን ልበል? ለእያንዳንዱ ሰው የ9 ቀን ታሪክ አይወራ ነገር። አሁን ግን ሁለት ሌሊት ጠግቤ ተኝቻለሁ፣ ቀልቤም ተመልሷል። ስለዚህ በወጉ ላመስግን።

ታሪኩን ላልሰማችሁ፦ ፕሮጀክቴ በጣም ለደቀቀ ጽሑፍ የሚሆን የአማርኛ ፎንት መሥራት ነበር፤ ከዚያ ያንኑ ፎንት የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ማተም። 33 ሆሄ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲባዛ 231 ቅርጽ ይመጣል። ኤግዚቢሽኑ 9 ቀን ሲቀረው ላፕቶፔ አንዴ ቀጭ አለና ዝም አለ። ሃርድ ዲስኩ አለቀለት። «ባክአፕ የለሽም?» እንዳትሉኝ። እሱን ያልጠየቀኝ የግቢው ድመት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የዶርሜን ልጅ። አንቺ ኢንጂነሪንግ እየተማርሽ አራት ዓመት ሙሉ የእኔን መብራትና የሙጫ ሽታ ችለሽ የኖርሽ ሰው ነሽ። ያን ቀን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ስታገኚኝ ምንም አላልሽም። አልጋሽ ሥር ገብተሽ አንድ አቧራ የጠጣ ካርቶን ጎተትሽ። የመጀመሪያ ዓመት የቀለምና የብሩሽ ሥራዎቼ ነበሩ። ፎንቱ የተጀመረው ከእነሱ ነው። «ጣይልኝ» ብዬ ሰጥቼሽ ነበር እኮ። «ይህን ሁሉ ደክመሽበት እንዴት ይጣላል?» አልሽኝ። በቃ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

መምህራችን፣ እርስዎን ይቅርታ ልጠይቅ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ኮምፒውተር ከልክለውን ፊደል በእጅ ሲያስጽፉን ብዙ አምተንዎታል። ዲዛይነሯ ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የአፕል ኮምፒውተር፣ ለማኪንቶሽ፣ የስክሪን ምልክቶቹን የነደፈችው ባለ ካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ካሬ እያጠቆረች ነው ብለው ሲነግሩን፣ ከኋላ ወንበር «እኛ ታዲያ ምን አጠፋን?» ያልኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ገባኝ። ወረቀት ሃርድ ዲስክ የለውም። ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ለአስተያየት የላኩልዎትን ፒዲኤፍ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ፈልገው መልሰው ላኩልኝ። በዚያ ሰዓት ይመልሱልኛል ብዬ አልነበረም የጻፍኩት። ጭንቀት ነው ያጻፈኝ።

ከዚያ የክፍሌ ልጆች። አምስታችሁም የየራሳችሁ ፕሮጀክት አንገታችሁ ላይ ነበር። ከፒዲኤፉ ውስጥ የፊደሎቹን ቅርጽ አንድ በአንድ አወጣችሁ። ችግሩ ፋይሉ የያዘው ጽሑፉ ውስጥ የገቡትን ብቻ ነው። እነ «ጴ» እነ «ፄ» የሉም። ለነገሩ በእኔ ጽሑፍ ውስጥ «ጴ» ምን ትሠራለች? 78 ቅርጽ ጎደለ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች ስካን አድርጋችሁ፣ ተከፋፍላችሁ፣ ስቱዲዮ ውስጥ አደራችሁ። ሌሊቱን የተሣለች አንዲት «ፄ» ትከሻዋ ክብደት የሚያነሳ ሰው ይመስል ነበር። የማን እጅ እንደሆነች አልናገርም፣ ራሱን ያውቃል። ሁለተኛ ዓመት ክሪቲክ (የሥራ መተቻቻ ክፍለ ጊዜ) ላይ «ፖስተርሽ ይጮኻል፣ ግን ምን እያለ ነው?» ብለሽ ሽንት ቤት ገብቼ እንዳለቅስ ያደረግሽኝ ልጅ፣ እስከ መጨረሻው የቆየሽው አንቺ ነሽ። ያ አስተያየት ልክ ነበር። እስከ ዛሬ አላመንኩልሽም እንጂ።

የማተሚያ ክፍሉ ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ስመጣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሁለት ቀን ቀርቶኛል፣ ፋይሉ እጄ ላይ ነው። የሙከራ ገጹን አወጡና ማጉያ መነጽርዎን አስቀመጡበት። «እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አሉኝ። «ቢት» አልኩ። እኔ የጻፍኩት «ቤት» ነበር። ፊደሉ በፊደል መጠን መለኪያ 7 ነጥብ ነው፤ 72 ነጥብ አንድ ኢንች ስለሆነ፣ ከኢንች አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሲሰፋ የኃምሷ ቀለበት ተደፍና «ቤ» ቁጭ ብላ «ቢ» ሆናለች። ስክሪኑ ላይ እኮ እያጎላሁ ሳያት እንዴት ታምር ነበር! የፊደል ነዳፊው ማቲው ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ የስልክ ማውጫ ያወጣው ቤል ሴንቴኒያል የተባለ ፎንት ማዕዘኖቹ ሆን ተብለው የተቦረቦሩት ለዚሁ ነው፤ የሚሰፋው ቀለም የሚገባበት ቦታ እንዲያገኝ። ይህን ለፈተና ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። ለራሴ ፊደል ግን ትዝ አላለኝም። ያን ሌሊት ቀለበቶቹን ሁሉ አሰፋን። ጠዋት እንደገና ሲያትሙት «ቤት» ቤት ሆነ።

እሱ አልቆ ደግሞ «ስንት ገጽ ነው?» አሉ። 38 አልኩ። ምንም ሳይሉ አንድ ወረቀት ለሁለት አጥፈው አሳዩኝ። ለሁለት የታጠፈ አንድ ወረቀት አራት ገጽ ይሰጣል፤ መሐሉ ላይ በስቴፕል የሚያዝ መጽሐፍ ለአራት ካልተካፈለ አይሆንም። አራት ዓመት ተምሬ! 40 አደረግነው። የመጨረሻዋ ቅጠል ፊትና ጀርባዋ ባዶ ቀረ። «ምስጋና ጻፊበት» አሉኝ። ጊዜ ግን አልነበረም፣ ማሽኑ ሞቆ ነበር።

ስቱዲዮውን በሰዓቱ መቆለፍ ሲገባዎት «አምስት ደቂቃ» ስንልዎት አንድ ሰዓት የሚጠብቁን የጥበቃ አባት፣ እግዜር ይስጥልን። እናቴ፣ ስልክ ሳላነሳ የቆየሁት ይህ ነው ምክንያቱ። ላፕቶፑን አሁን ነው የምነግርሽ፣ አትቆጪ።

እንግዲህ ምስጋናው ያለ ቦታው እዚህ ወጣ። የእኔ ቅጂ ዶርም ጠረጴዛ ላይ አለ። ገጽ 39 እና 40 አሁንም ባዶ ናቸው። ግቢውን ከመልቀቃችን በፊት ጎራ በሉና ስማችሁን በራሳችሁ እጅ ጻፉልኝ። እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጫለሁ፤ ቀለሙ እንደማይሰፋ ሞክሬዋለሁ።