ጋቢ ላኪልኝ፤ ነጠላው መስኮት ላይ ነው

ይድረስ ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከብርዱ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማሙሽ በቴሌግራም ደውሎ የአያቴን ቤት መስኮት በአሉሚኒየም ልቀይር አለኝ። «ቅርስ ነው፣ አትንኩ ይሉናል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ግን ብቅ ያለ የለም» ብሎ ተማረረ። ሳቄ መጣ። እዚህ እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማም ሰዉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ከተማው በሙሉ እንደ ላሊበላ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987። የምኖርበት ቤት ከውጭ ሲያዩት ቤተ መንግሥት ነው። ድንጋዩ ማር ይመስላል። የእኔ ክፍል ግን ጣሪያው ሥር ነው፤ ሊፍት የለም። የደረጃው ድንጋይ ከመረገጡ ብዛት መሃሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። መስኮቱ ባለ አንድ መስታወት ነው፤ ዝግ ሆኖም መጋረጃው ይወዛወዛል። የሰጠሽኝን ነጠላ ጠቅልዬ ስንጥቁን ወትፌበታለሁ፤ አትቆጪኝ። መስኮቱን ያለ ፈቃድ መቀየር እዚህ ወንጀል ነው። አከራዬ ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት እናስገባለን ካሉኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ቱሪስቱ ከታች ፎቶ ያነሳል፤ እኔ ካልሲ በካልሲ ደርቤ ከላይ አየዋለሁ።

ምድር ቤት ያሉት አሮጊት ጠዋት ማታ ቤቱን ይራገማሉ። ሌላ ቤት ይግቡ ብትያቸው ግን ያኮርፉሻል። የቢጫውን በር ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሮያል ክሬሰንት የሚባል በግማሽ ክብ የተሠራ 30 ቤት አለ፤ በሮቹ ነጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንዲት ሴትዮ በሯን ቢጫ ቀባች። ማዘጋጃ ቤቱ መልሺው ቢላት አሻፈረኝ አለች፤ ተሟግታም ረታች። በሩ ዛሬም ቢጫ ነው።

ጃንሆይም በስደት የኖሩት እዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940። ፌርፊልድ ሃውስ ይባላል። በኋላ ቤቱን ለከተማው አረጋውያን ሰጡት። ባለፍኩ ቁጥር ያንን ሁሉ ክረምት እንዴት ቻሉት እላለሁ።

ለማሙሽ ንገሪልኝ፤ ብሩን ለጣሪያው ልኬያለሁ፤ ቆርቆሮው ይቅደም። መስኮቱን ደህና አናጢ ይጠግነው እንጂ አይንቀለው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ በስልክ ያለቀስሽው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደግሞ መዝጊያውን አረንጓዴ የቀባው አባዬ ነው፤ ቀለሙ ከጥፍሩ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀም ነበር።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ጋቢ ላኪልኝ።

ልጅሽ